ስለ ቁንጫ፣ ስለ ውሻና ስለ ባለቤቱ

ዳዊት ንጉሡን ሳኦልን ሸሽቶ በዓይንጋዲ ዋሻ ተሸሽጎ በነበረበት ጊዜ፣ ሊገድለው ሲችል የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ከለቀቀው በኋላ፣ ከዋሻው ወጥቶ ከኋላው እየጠራ ሲናገረው ራሱን በሁለት የተናቁ ፍጥረቶች መስሎ ነበር፤ አንደኛው የሞተ ውሻ ሲሆን ሁለተኛው ቁንጫ ነው። ያን ያህል ሠራዊት ያለው ንጉሥ ያን ያህል ትንሽ ነገር ለማሳደድ መውጣቱ ለክብሩ የማይገባ መሆኑን ሊያስረዳው ፈልጎ የተናገረው ነው፤ እኔ ግን ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው። ይኸውም በበግ ጠባቂነት ያደገው ዳዊት ውሻንና ቁንጫን አያይዞ ማንሣቱ፣ ሁለቱ በአንድ ደጃፍ የሚኖሩ መሆናቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ በገዛ ቆዳው ያውቅ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሻ ወይም ድመት ያለበት ቤት ቁንጫ ሊገባበት ይችላል፤ ቁንጫውን ማጥፋት የሚሻ ሰውም እንስሳውን ምን ሊያደርገው እንደሚገባ አስቀድሞ ከኅሊናው ጋር መማከር አለበት።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴልና እስከ አየር ጤና በተዘረጋው ሰፈራችን፣ ውሻ ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ጅብ ከወጨጫ ተራራ በኩል በሌሊት በሚወርድበት፣ የቆርቆሮ አጥርም ሌባን በማይመልስበት ግቢ፣ ውሻ የሌሊቱ ዘበኛ ነው፤ ድመትም ጤፉንና ሽሮውን ከአይጥ የምትጠብቅ የጓዳ ሠራተኛ ናት። ውሻው እንደ ልማዳችን ከደጅ ያድራል፤ ክረምት ሲገባና ጭቃው ሲበረታ ግን ከወጥ ቤቱ ጥግ ወይም ከበረንዳው ሥር ይጠጋል፤ ድመቷማ ከልጆቹ ብርድ ልብስ ላይ ነው የምትተኛ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን የልጆቹ ቁርጭምጭሚት በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቶ ይታያል፤ የቤቱ እመቤት አልጋውን ገልብጣ ትመለከታለች፤ ጥቁሩም ነጥብ ከአንሶላው ላይ ተፈናጥሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ በቁንጫው ላይ ሳይሆን በውሻው ላይ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ተከትቶ ወንዝ ተሻግሮ የሚጣለውን ቡችላ፣ በማያውቁት ሰፈር ተለቅቃ ከየአጥሩ ሥር የምትጮኸውን ድመት ያላየ የከተማችን ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደራርበው ስላሉ መለየት ይገባል። አንደኛው ቁንጫን መግደል በደል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለቁንጫው መምጣት ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ሰዎች ሁለተኛውን ዘንግተው ስለ መጀመሪያው ሲጨነቁ አያለሁ፤ እኔ ግን ክብደቱ በሁለተኛው ላይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት 22 ፍጥረታትን እንደ ፈጠረ፣ ከእነዚህም ሕይወት ያላቸው በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩና በልብ የሚሳቡ ተብለው እንደሚከፈሉ ይናገራሉ። ቁንጫ ከነዚህ ወገኖች ወደ የትኛው እንደሚገባ ለመወሰን መቸኮል አይገባም፤ ትል ሳለ ይሳባል፣ ካደገ በኋላ ስድስት እግር ያወጣል፣ ክንፍ ሳይኖረው ደግሞ ርዝመቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው አካሉ ከመሬት ወደ ላይ እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ይወረወራል። ይህን የሚያስችለው ከኋላ እግሮቹ ሥር ያለው፣ ተጨምቆ ቆይቶ በድንገት የሚለቀቅ ተለጣጭ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው፣ በማጉያ መነጽር ያያቸውን ነገሮች በሣለበት መጽሐፉ፣ ቁንጫን ከመጽሐፉ ገጽ በሚበልጥ ታጣፊ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ ስለ ብርታቱና ስለ ውበቱ በአድናቆት ጽፏል። ያን ሥዕል ያየ ሰው፣ ይህን የመሰለ የጦር ልብስ የለበሰ ፍጥረት በከንቱ ተሠራ ለማለት አይደፍርም። ቁንጫ ክፉ ነው የሚለውን ነገር እኔ የማልቀበለው ስለዚህ ነው፤ የተሰጠውን ባሕርይ ይከተላል እንጂ ሕግ ተሰጥቶት አልተላለፈም። ሕግ የተሰጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በሰው ላይ ይወድቃል።

አንዲት የሰፈራችን እናት በዐቢይ ጾም መካከል ወደ ነፍስ አባቷ ሄዳ የጠየቀችውን፣ ራሷ እንደ ነገረችኝ ልጻፈው። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ በዚህ በተቀደሰ ጾም የድመቴን ቁንጫ በጥፍሬ ስደፈጥጥ ነው የሰነበትኩት፤ ደም እንደ ማፍሰስ ይቆጠርብኝ ይሆን?» ብትላቸው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ግን ልጄ፣ ስትገድዪው በልብሽ ምን ነበረ?» ሲሉ መልሰው ጠየቋት። እሷም «እውነቱን ልንገርዎ፣ ንዴት ነበረ፤ ልጄን እያደረ ሲበላብኝ ጊዜ የበቀልኩ ያህል ነው ደስ የሚለኝ» አለቻቸው። «እንግዲያው ንዴቱን ተናዘዢ፤ ቁንጫውን ግን ከቤትሽ ጠርገሽ አውጪው» ብለው አሰናበቷት።

እኒህ አባት የተናገሩት የአበው ትምህርት ነው። ጳላድዮስ ስለ ግብጽ መነኮሳት በጻፈው ዜና እንደሚገኘው፣ እስክንድርያዊው መቃርስ አንድ ቀን በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ ትንኝ እግሩን ነክሳው ገደላት፤ ወዲያውም በቀልን እንደ ፈጸመ ቈጥሮ በራሱ ላይ ፈረደ፤ በገዳመ አስቄጥስ ረግረግ፣ ንክሻቸው የዱር እርያን ቆዳ እንኳ ይበሳል በሚባሉት ትንኞች መካከል ዕራቁቱን ስድስት ወር ተቀመጠ። ሲመለስ አካሉ ሁሉ ስላበጠ ማንነቱ የታወቀው በድምፁ ብቻ ነበር። ይህን ዜና የሚያነብ ሰው ትንኝን መግደል የስድስት ወር ንስሐ የሚያስቀጣ ኃጢአት ነው ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል፤ መቃርስ ያዘነው ስለ ትንኟ ሞት ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲዋጋው የኖረው ቁጣ በአንዲት ትንኝ ምክንያት ከእጁ ስለ ወጣበት ነው። ከዚህም በላይ መነኩሴ የራሱን ሥጋ ለንክሻ ሊሰጥ ይችላል፤ እናት ግን የልጇን ሥጋ ለንክሻ የመስጠት ሥልጣን የላትም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየሥዕሉ እንደሚታዩት፣ በጥማት የደከመችውን ወፍ ከዓይናቸው ውኃ አጠጧት፤ ያጠጡት ግን ከራሳቸው ዓይን ነው፣ በፈቃዳቸውም ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን ግን ለማንም ምንም አልፈቀደም፤ ስለዚህ ቁንጫን ከቤት ማጥፋት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን፣ ለቤቱ ጌታ የግዴታ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው፤ በዚህ ረገድ ሰፈራችን አንድ በረከት አለው፤ የቅዳሴው ዜማና የአዛኑ ጥሪ በአንድ ንጋት ስለሚሰማበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይማራል። ብዙ ጊዜ ከሙስሊም ጎረቤቶቼ የሰማሁትና በሐዲስ መጻሕፍት የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ከቀደሙት ነቢያት አንዱ ጉንዳን ነክሳው የጉንዳኖቹን መኖሪያ ሁሉ በእሳት ቢያስቃጥል፣ አንዲቱ ብትነክስህ ፈጣሪን የሚያመሰግን ሕዝብ ሁሉ ታጠፋለህን የሚል ተግሣጽ ከአላህ ዘንድ መጣበት። ቁንጫን በዚህ ሚዛን መመዘን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጥቂቱን መተው ሁሉንም መተው ነው። ሴቷ ቁንጫ በደኅና ጊዜዋ በቀን እስከ 40 እና 50 ዕንቁላል ስለምትጥል፣ የነከሰችውን ብቻ ለይቶ መቅጣት አይቻልም። ዳሩ ግን ታሪኩ የሚከለክለው ሌላም ነገር አለ፤ እሳት የነከሰውን ካልነከሰው አይለይም። በየቤታችን ዛሬ የዚያ እሳት ምትክ የሆነው መርዝ ነው።

አባቶቻችን ዲዲቲን እንደ ተአምር የተቀበሉበትን ዘመን እናውቃለን። ስዊሳዊው ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በአገራችንም የወባ መከላከያ ሠራተኞች የየጎጆውን ግድግዳ ሲረጩበት ኖሩ፤ ብዙ ነፍስም እንዳዳነ መካድ አይገባም። ቆይቶ ግን ነፍሳቱ መርዙን እየለመዱት ሄዱ፣ መርዙም ከአፈርና ከጡት ወተት ውስጥ ተገኘ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው ውል ወባን የመሰሉ በነፍሳት የሚተላለፉ በሽታዎችን ከመከላከል ሥራ በቀር እንዳይረጭ ወሰነ። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛውን ፍሊት በየአልጋው ሥር የሚነፋ፣ ለከብት የተሠራውን ዱቄት በእጁ ዘግኖ በድመቱ ጀርባ ላይ የሚነሰንስ ሰው፣ ይህን ታሪክ ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር። በተለይም ፐርሜትሪን የሚባለውንና ለውሻ የሚሰጠውን መድኃኒት በድመት ላይ ማድረግ ድመቷን መግደል ነው፤ የድመት ጉበት ይህን መርዝ እንደ ውሻ ጉበት አብርዶ ለማስወገድ አይችልምና፣ እየተንቀጠቀጠች ትሞታለች።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ዋናው ጥያቄ ልሻገር። ቁንጫው በውሻው ላይ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ቁንጫው የውሻው ነው ይላል፤ ይህ ግን ሐሰት መሆኑን የቁንጫ አኗኗር ያሳያል። በውሻው ጠጉር ውስጥ የሚዘለው ያደገው ቁንጫ፣ በቤቱ ካለው የቁንጫ ነገድ ሁሉ በግምት ከመቶ አምስቱ ብቻ ነው። የቀረው ዘጠና አምስት እጅ ዕንቁላል፣ ትልና ሙሽራ ሆኖ በእኛው ቤት ይኖራል። ዕንቁላሉ ለስላሳ ስለሆነ ከእንስሳው ጠጉር ላይ አይጣበቅም፤ እንስሳው በተኛበትና በተራመደበት ሁሉ ይረግፋል። ትሉ ብርሃንን ስለሚጠላ በጭቃ ወለል ስንጥቅ፣ በምንጣፍ ሥርና በአልጋ ጥግ ተሸሽጎ፣ እናት አባቱ ከእንስሳው ጠጥተው ያራገፉትን የደረቀ ደም እየለቀመ ያድጋል። በመጨረሻም አቧራ የተለጠፈበት ትንሽ ጎጆ በራሱ ላይ ፈትሎ፣ ሙሽራ ሆኖ ይተኛል፤ በዚያም ለወራት መቆየት ይችላል፤ የእግር ኮቴ ሲያናውጠው፣ የሰውነት ሙቀትና የትንፋሽ አየር ሲደርሰው ግን ወዲያው ይነቃል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት በተከፈተ ዕለት በቁንጫ የሚወረረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ውሻውን በከረጢት ከቶ የጣለው ሰው ምን አደረገ? ከመቶ አምስቱን አስወጣ፤ ዘጠና አምስቱን በቤቱ አስቀረ፤ እነዚህም አድገው ሲወጡ የለመዱትን እንስሳ ስለማያገኙ በልጆቹ ላይ ይወድቃሉ። ውሻው በቤቱና በልጆቹ መካከል ሆኖ ንክሻውን በገዛ ቆዳው ሲቀበል ኖሮ ነበር ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚለቀቀው ፍየል፣ ሊቀ ካህናቱ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ የሕዝቡን በደል ከተናዘዘ በኋላ ነበር የሚሰደደው። እኛ ግን ያልተናዘዝነውን በደል አሸክመን እንሰዳለን፤ ያልጠረግነውን ወለል፣ ያላሰጣነውን ምንጣፍ፣ ያላጠብነውን የውሻ መኝታ በውሻው ስም እንከሳለን።

ይህ የክስ ልማድ ከቤት አልፎ በሰው ልጆች ላይም ያመጣውን መከራ ስናስታውስ ነገሩ የቤት ጽዳት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል። በ14ኛው መቶ ዓመት ታላቁ ቸነፈር አውሮፓን ባጠፋ ጊዜ፣ የሞቱ ምክንያት ስላልታወቀ አይሁድ ጉድጓድ ውኃ መረዙ ተብለው ተከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1349 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ብዙዎቹ በእሳት ተቃጠሉ። የወረርሽኙን ተሕዋስ አሌክሳንድር የርሲን በሆንግ ኮንግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ልዊ ሲሞን በካራቺ ሆኖ፣ የታመመውን አይጥና ጤነኛውን እንዳይነካኩ ለይቶ ቁንጫ ብቻ እንዲያቋርጥ በማድረግ፣ በሽታውን የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑን አሳየ። በመካከሉ 549 ዓመት አልፏል። ያን ጊዜ ሁሉ ተከሳሹ ሰው ነበረ፤ ነገሩን የሚያመላልሰው ግን በየከሳሹ ቤትና በየልብሱ ስፌት ሊገኝ የሚችል ነፍሳት ነበር።

ስለ መፍትሔው ስናገር፣ ከመጽሐፈ ኩፋሌ አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ፤ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ በተጠበቀልን በዚህ መጽሐፍ፣ የኖኅ ልጆች በደዌ በተጨነቁ ጊዜ መላእክት ለኖኅ የምድርን ዕፀዋትና የመድኃኒቱን ጥበብ እንዳስተማሩትና እሱም በመጽሐፍ ጽፎ ለሴም እንደ ሰጠው ተነግሯል። ጸሎት ያለበት ሰው መድኃኒት መሻቱ እምነት ማጉደል አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቃል አላውቅም። ደዌውን ማወቅና መድኃኒቱን በልኩ መያዝ ለሰው የተሰጠ አደራ ነው።

ማወቅም ከጠጉር ይጀምራል። ውሻውን በጥላ ሥር አስተኝቶ፣ ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፎ፣ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ከጭራው ሥር ወደ ወገቡ ሲያበጥሩት፣ ከጨርቁ ላይ ደቃቅ ጥቁር ነገር ይረግፋል። አፈር ይሁን ሌላ ለማወቅ የውኃ ጠብታ ቢያደርጉበት፣ አፈር ከሆነ ጭቃ ይሆናል፤ የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን በጨርቁ ላይ ቀይ ቡናማ ክብ እየሠራ ይሰፋል፤ የውሻው ደም ነውና። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ውሻውን ለመምታት እጁን የሚያነሣ አይመስለኝም፤ ለሰዎች ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ እንዲያዩ እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ነው። የውሻውንና የድመቷን መኝታ፣ የልጆቹንም ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ በሚያህል ትኩስ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ወለሉን እስከ ጥጉና እስከ አልጋው ሥር ጠርጎ ጥራጊውን በፈላ የሳሙና ውኃ መጨረስ፤ በጭቃ ቤት ያለ ሰውም እናቶቻችን ያደርጉ እንደ ነበረው ወለሉን በእበት ለቅልቆ ትሉ የሚሸሸግበትን ስንጥቅ መድፈን ይገባል። በሌሊት ከመብራት ሥር የሳሙና ውኃ በሰፊ ሳሕን ቢያስቀምጡ፣ ወደ ብርሃኑ የሚዘሉት ቁንጫዎች ገብተው ይሰጥማሉ። እንስሳውን በሚመለከት ግን ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ በክብደቱ የተመጠነ፣ ለውሻ የውሻ፣ ለድመት የድመት የሆነ መድኃኒት መቀበል ነው። የሐኪሙ ምክር የሚያስፈልገው ስለ ንክሻው ብቻ አይደለም፤ የኮሶ ትል ዕንቁላል በበላ ቁንጫ አማካይነት ትሉ ወደ ውሻው፣ ቁንጫውን ሳያውቅ ወደ አፉ ያስገባ ሕፃን ካለም ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ በጎጆው የተኛውን ሙሽራ መድኃኒት ስለማያገኘው፣ ቤቱ ጸዳ ከተባለ ሳምንታት በኋላ አዲስ ቁንጫ ይወጣል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከረጢቱን የሚያነሣው በዚህ ጊዜ ነው፤ መጥረጉንና ማጠቡን ባላቋረጠ ሰው ቤት ግን የመጨረሻዎቹ ሲወጡ ወለሉን ንጹሕ፣ እንስሳውንም መድኃኒት የያዘ ያገኛሉ።

ይሁን እንጂ ከአንድ ቤት ትጋት በላይ የሆነ ነገር አለ። በሰፈራችን ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ፣ ብዙ ግቢም አንድ መንደር ይጋራል፤ የኔ ውሻ ቢታከም፣ ከአጥሩ ሥር የሚተኛው ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ዕንቁላሉን በደጃፌ ያራግፋል። እንዲህ ያሉ ውሾች በከተማችን በመርዝ ሲገደሉ ኖረዋል፤ ሬሳቸው ከየመንገዱ ሲነሣ ያየ ሕፃን ስለ ፍጥረት ምን እንደሚማር አስቡት። እድራችን ሙት ለመቅበርና ሐዘንተኛ ለማስተዛዘን የተመሠረተ ነው፤ ነገር ግን ድንኳንና ወንበር ገዝቶ፣ ቆጣሪና ዳኛ አቁሞ ይህን ያህል ዓመት የጸና ማኅበር፣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይበረታ አንድ ቅዳሜ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ወስኖ፣ የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ የመንደሩን ውሾችና ድመቶች ሁሉ ከቁንጫ ቢያሳክም፣ በዚያው ቀንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢያስከትብ፣ ቤተሰቡም ሁሉ በዚያው ቀን ምንጣፉን ቢያወጣና ወለሉን ቢያጥብ፣ ከየቤቱ ለፍሊት የሚወጣው ገንዘብ ተሰብስቦ ለዚህ ሥራ መዋል ይችላል። ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ ከስብሰባው እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከእድሩ ሣጥን ይከፈል እላለሁ፤ ጅቡ ሲመጣ የሚጮኹት ለመንደሩ ሁሉ ነውና።